ግራ ጆሮ በአራት ቋንቋ

ጎረቤቴ የሆነች ሴት ዐረብ አገር ልትሄድ ተነሥታለች። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። ባለፈው ሰሞን ደብተር ይዛ መጣችና ዐረብኛ አስተምሩኝ አለች። እሺ ከማለቴ እሷው መልሳ አፈረሰችው።

«ተዉት በቃ ጋሼ» አለችኝ። «ጭንቅላቴ ደርቋል። በዚህ ዕድሜዬ ምን ይገባኛል?»

እኔ ስጀምር ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። የአማርኛውን ፊደል እንኳ የቆጠርኩት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ እጄ በጎማ ጠቁሮ ነው። ዛሬ አፋርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ዐረብኛ እናገራለሁ። አሳምሬ አይደለም። ግን ሰው ይሰማኛል፣ እኔም እሰማለሁ። ይህንን ነገርኳት። እንዴት እንደተማርኩም ነገርኳት። ለምን እንደተማርኩ ስትጠይቀኝ ግን ሥራዬ መንገድ ዳር ስለነበረ ነው ብዬ አለፍኩት። እሷም ያንን ጽፋ፣ ለትምህርቱ ቀን ቀጥራኝ ሄደች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አላስቀምጥ አለኝ፤ ስለዚህ እውነቱን እዚህ አስቀምጠዋለሁ። ጽሑፌ የተማረ ሰው ጽሑፍ አይደለም። የምታነቡ ታገሡኝ።

በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ጎሚስታ ነበርኩ፤ ጎማ ለጣፊ ማለት ነው። ከአሰብ ጭኖ የሚመጣው፣ ከደሴ የሚወርደው፣ ከአዲስ አበባ የሚወጣው መኪና ሁሉ በደጄ ያልፋል። አስፋልቱ ቀን ቀን እግር ያቃጥላል፤ የተለጠፈ ጎማ ደግሞ ሙቀት አይወድም። እንጀራዬ ከዚያ ነበር። የማይሠራውን ጎማ ቆርጬ በረባሶ አደርገዋለሁ። ከቀወት ገበሬም ሆነ ከቆላው አፋር የእኔን በረባሶ ያላደረገ ጥቂት ነው።

ቋንቋ የሚባለው ነገር የትልልቅ ሰዎች ነገር ይመስለኝ ነበር። የአባቴ አባት አርጎብኛ ያውቁ ነበር፤ ከብቶቻቸውን ሲቆጥሩበት እሰማቸዋለሁ። አንድም ቀን አስተምሩኝ አላልኳቸውም። ሲሞቱ ይዘውት ሄዱ። ቁርኣንም ልጅ ሆኜ በቃሌ ይዣለሁ፤ የምለውን ግን አላውቀውም ነበር። አንድ የአስመራ ሹፌር ነው መጀመሪያ ዓይኔን የከፈተው። ጎማውን ስለጥፍለት ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ፣ አንተ እኮ ጣልያንኛ ትናገራለህ አለኝ። አታላግጥብኝ አልኩት። ዕቃዎቹን ጥራልኝ አለ። ጎማ አልኩ፣ ካምቢዮ አልኩ፣ ፍሪሲዮን አልኩ፣ ክሪክ አልኩ። በእያንዳንዱ እየሳቀ ራሱን ይነቀንቃል። ጎሚስታ የሚለው የራሴ መጠሪያም የእነሱ ነው ለካ። ሳላውቀው በሰው ቋንቋ ሠርቼ ስበላ ኖሬያለሁ። ያን ቀን፣ ይሄ ነገር እንግዲያው በጆሮ የሚገባ ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

አፋሩ ወዳጄ መጀመሪያ የመጣው በረባሶ ሊያሠራ ነው። ከእኔ ጥቂት ያንሳል። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው፤ የግራ ጆሮው ጫፍ የለም፤ ልጅ ሆኖ ግመል ነክሶት ነው። እግሩ ሰፊ ስለሆነ ለሌላው እንደምሠራው ብሠራለት አልያዘውም። ተረከዙ ላይ ሁለት ጠፍር አጣምሬ አቋርጬ አሰርኩለት። እንዲያ ያለ በረባሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለማንም አልሠራሁም። ወደደው። ከዚያ በኋላ ገበያ በወጣ ቁጥር፣ ፍየሎቹን ሸጠም አልሸጠም፣ እኔ ጋ ሳይደርስ አይመለስም። ደጄ ላይ አንድ የትልቅ ጭነት መኪና ጎማ ተጋድሟል፤ እሱ ላይ ይቀመጣል። የገበያ አማርኛ ያውቃል፤ ፍየል፣ ውሃ፣ ስንት ነው፣ አይሆንም። እኔ ከአፋርኛ ምንም።

ያስተማረኝ በወሬ ነው። አፋሮች ሁለት ሰው ሲገናኝ ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሰላም ብሎ ማለፍ የለም። ይቀመጣሉ። አንደኛው፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይላል። ሌላው ከተነሣበት ቦታ ጀምሮ እስከዚያች ሰዓት ያየውንና የሰማውን በተራ ያወርዳል፤ ሣሩ የት እንደበቀለ፣ ማን እንደሞተ፣ የማን ግመል እንደጠፋች፣ ወሬውን ከማን እንዳገኘው። አድማጩ አያቋርጥም፤ እ፣ እ ይላል። ሲያልቅ የሰማውን መልሶ ይናገርና፣ እንዲህ ነው? ብሎ ያረጋግጣል። ከዚያ ተራው የእሱ ይሆናል። የያዙትን ወሬ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ያደርሳሉ። ወሬ ይዞ ዝም ማለት እነሱ ዘንድ የተጠማን ሰው ውሃ ከመከልከል አይለይም።

ለቋንቋ ተማሪ ከዚህ የሚሻል ትምህርት ቤት አላየሁም። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው። መልሱም ሁልጊዜ በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ የሚለወጠው ሰውየውና ግመሏ ናቸው። መጀመሪያ የሰው ስም ብቻ ነበር የምለየው። ቆይቼ ውሃ፣ ቆይቼ ሣር፣ ቆይቼ ሞተ የሚለውን ለየሁ። የሰማሁትን ቃል በጠመኔ ጎማው ላይ በአማርኛ ፊደል እጽፈዋለሁ፤ ያ ጎማ ተለጥፎ እስኪሄድ ድረስ ቃሉን መያዝ አለብኝ፤ ጎማው ከሄደ ቃሉም ይሄዳልና። አጠገቤ ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ጎማው ላይ አጎንብሼ ሳነበንብ ታየኝና ለደንበኞቿ፣ ዛሬ ደግሞ ጎማውን ክርስትና ሊያነሣው ነው፣ እሱ እስላም ጎማው ክርስቲያን፣ እያለች ታስቃቸዋለች።

ዓመት ያህል እንዲህ ስሰማ ቆይቼ አንድ ቀን የራሴን ተራ ልናገር ብዬ ጀመርኩ። ወዳጄ ሦስት ዘመዶቹን ይዞ መጥቶ ነበር። ሁለት ነገር እንዳልኩ አንደኛው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ወዳጄም ጭምር። በኋላ ስጠይቀው ገና አፉን የሚፈታ ሕፃን ትመስላለህ አለኝ። ዛሬ ቢሆን አብሬ እስቅ ነበር። ያኔ ግን ደሜ ፈላ። ግትር ሰው ነኝ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። አሟልቼ እስክናገር ድረስ አፌን አልከፍትም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ከዚያ ወዲያ እሰማለሁ፣ እማራለሁ፣ ተራዬ ሲደርስ ግን «ሰላም ነው፤ ምንም የለም» እላለሁ። ያችን አንዲት ነገር እንደ ራሳቸው አድርጌ እላታለሁ። ሲሰሙኝ ያደንቁኝ ነበር።

ደርግ ሊወድቅ ሦስት ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። ለጦሩ ሰው የሚታፈስበት ጊዜ ነበር፤ ከገበያም፣ ከመንገድም። በአንድ የገበያ ቀን ረፋዱ ላይ ከደሴ በኩል የመጣ ሹፌር ጎማው ተንፍሶበት ደጄ ቆመ። ረዳት አልነበረውም። የት ጣልከው ብለው፣ አጠገቤ ተንበርክኮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ካራቆሬ ሳይደረስ ወታደሮች መንገድ ዘግተዋል፤ ወንድ የሆነ ሁሉ ይወርዳል፤ ረዳቱን ወስደውበታል። ከእንግዲህ ክሪክ የሚያነሣልኝ ሰው እንኳ የለኝም ብሎ እጁን አራግፎ ሄደ።

ከቀትር በኋላ ወዳጄ መጣ። እነዚያ ሦስቱ ዘመዶቹ አብረውት አሉ። ሁለት ፍየል አልሸጥ ብሎታል። እኔ ወደ ሰሜን የሚሄድ የአንድ ጭነት መኪና ጎማ እየለጠፍኩ ነበር፤ በማግስቱ ካራቆሬ ገበያ ስለሆነ ሹፌሩ እሱንና አንዱን ዘመዱን ከፍየሎቹ ጋር ሊወስዳቸው ተስማምቷል። ጎማው እስኪያልቅ ተቀመጡ። ወዳጄ ወሬውን ከቤቱ ጀምሮ አወረደ፤ ሁሉንም ባይሆን አብዛኛውን ሰማሁት። አንድ ጉድጓድ ውሃው ጎድሏል። አንድ ሽማግሌ ታመዋል። አንዲት ግመል መንታ ልትወልድ ነው ተብሎ አንድ ብቻ ወልዳለች። ጨረሰና ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

የማውቀውን በልቤ ደረደርኩት። ሰው የሚለውን አውቃለሁ። መንገድ አውቃለሁ። ወሰደ አውቃለሁ። ወታደር የሚለውን አላውቀውም። በአማርኛ ብለው ይገባው ነበር። እጄን እንደ ጠመንጃ ባደርግለት ይገባው ነበር። ቀና ስል ያ መጀመሪያ የሳቀብኝ ዘመዱ ያየኛል፤ ከንፈሩ ገና ካሁኑ ሊስቅ ተዘጋጅቷል።

«ሰላም ነው፤ ምንም የለም» አልኩ። አሳምሬ አልኩት።

ሲነሡ ለብቻው ጠርቼ በአማርኛ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፣ አስቤ ነበር። ሹፌሩ ግን ቸኮለ። ጎማውን አሰርኩ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ፣ ክሪኩን አወረድኩ። ወገቤን ሳቀና ወዳጄ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ፍየሎቹን በሁለት ጉልበቱ መሐል ይዟል። መኪናው ተነሥቷል። እጁን አነሣልኝ። እኔም አነሣሁ። መፍቻው በእጄ ነበር።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ወሬ የሚያወራ ሰው አሉባልታ ነዛህ ተብሎ ይታሰር ነበር። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት ብል ብዙ ሰው ያምነኛል። ለሻይዋ ሴት እንዲያ ብያታለሁ። እዚህ ግን አልዋሽም፤ አልፈራሁም። እንዳይስቁብኝ ነው።

በሦስተኛው ቀን አብሮት የሄደው ዘመዱ በእግሩ ተመለሰ። ወታደሮቹ መኪናውን ሲያስቆሙ እሱ ዘሎ ማሽላ ውስጥ ገብቶ አምልጧል። ወዳጄ ፍየሎቹን ልያዝ ሲል ደረሱበት። በወታደር መኪና ጭነውት ሲሄዱ ማሽላው ውስጥ ሆኖ አይቷል።

በሚቀጥለው ገበያ አባቱ መጡ። ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው፤ ዱላቸውን ተደግፈው መጥተው ልጃቸው ይቀመጥበት የነበረው ጎማ ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ወዳጁ አድርጎ የቆጠረው የከተማ ሰው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ወሬ ከእኔ ይጠብቃሉ። መኪናው ሁሉ በደጅህ ያልፋል፣ ጠይቅልኝ አሉ። በየገበያው እየመጡ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይሉኛል። እንግዲህ እዚያ ላይ ነው አፋርኛዬ የተፈታው። ለእሳቸው ሰላም ነው፣ ምንም የለም ማለት አልቻልኩም፤ ያችን አነጋገር አፌ እምቢ አለ። ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ፣ ያለፈውን መኪና ሁሉ፣ የሹፌሩን መልክ ሳይቀር እንደ ሕፃን እየተሰባበርኩ አወርዳለሁ። አይስቁም። እ፣ እ ይላሉ።

ሌሎቹን ቋንቋዎች የጀመርኳቸውም ለዚሁ ነው። ጦሩ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው፤ ከሰሜን የሚመጣው ሰው ደግሞ ሁሉ አማርኛ አይናገርም። ከአስመራ በኩል የሚመጡትን በትግርኛ፣ ከከሚሴ በኩል ያሉትን ጫኞች በኦሮምኛ፣ የአሰብ ወደብ ሰዎችን በዐረብኛ መጠየቅ ነበረብኝ። ለጎረቤቴ የነገርኳት መንገድ ይኸው ነው፤ ቋንቋውን ሁሉ ልማር አትበይ፣ አንድ ጥያቄ ተማሪ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው፣ ግራ ጆሮው የተቆረጠ፣ አይተሃል? በዚያች ጥያቄ ጀመርኩ። ሌላው ሰው ቋንቋ ሲማር እንጀራን፣ ውሃን ያስቀድማል። እኔ በየቋንቋው መጀመሪያ ያወቅሁት ጆሮን ነው፤ በኦሮምኛ ጉርራ፣ በትግርኛ እዝኒ፣ በዐረብኛ ኡዝን። ከዚያ ግራ የሚለውን።

ጥያቄው በሦስት ቀን አፍ ላይ ይገባል። የሚከብደው መልሱ ነው። ሰው መልሱን በጠየቅከው ልክ አይሰጥህም፤ ይዞህ ይሄዳል። አንዱ ስለ ሌላ ጆሮው የተቆረጠ ሰው ይነግርሃል፣ አንዱ ስለ ወንድሙ ያለቅስብሃል። ያንን ለመስማት ሌላውን ሁሉ ቃል መማር ግድ ሆነ። አፍሬ የማላውቀውን እንደማውቅ ራሴን መነቅነቅ ተውኩ፤ ድገምልኝ እላለሁ፣ ሦስቴም አራቴም። ይስቃሉ። ይሳቁ። ጎማዎቹንም ለያየኋቸው፤ በግድግዳው በኩል የተከመሩት ላይ ኦሮምኛ፣ በዛፉ በኩል ትግርኛ፣ በር ላይ ዐረብኛ። በዛፉ በኩል ስሠራ አንድም የዐረብ ቃል አልናገርም። እንዲያ ካላደረግሁ ይደባለቁብኝ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሹፌሮቹ አባ አራት አፍ ይሉኝ ጀመር። ሻይዋ ሴት፣ በአራቱም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው ብላ አጋለጠችኝ።

በየቋንቋው አጥርቼ የያዝኩት የመጀመሪያው መልስም አንድ ነው። ሂን አርግኔ። አይረአኹን። ማ ሹፍቱ። አላየሁም።

ያ ደጄ ላይ ያለው ጎማ ሰው ሲቀመጥበት የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ቀስ ብሎ እንደ መተንፈስ ይላል። በዚያን ጊዜ ማንም ሳይኖር እሰማው ጀመር። በጠራራ ፀሐይ፣ መኪና ሥር ተኝቼ ሳለሁ፣ እፍ ይላል። ወጥቼ አያለሁ፤ ማንም የለም። ሙቀት ነው እላለሁ፤ ላስቲክ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሥራዬ ነው አውቀዋለሁ። ተመልሼ እገባለሁ። ቆይቶ ደግሞ ይላል። ከዚያ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ የሚለውን ጆሮዬ ራሱ ይጨምርበታል። ጎማውን ልጣለው ብዬ ስንት ጊዜ ተነሣሁ። አባቱ የት ይቀመጣሉ ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን ሽማግሌው የእኔን ወሬ ሰምተው፣ መልሰው ተናግረው፣ እንዲህ ነው? ካሉ በኋላ አልተነሡም። ዱላቸውን መሬት ላይ አጋደሙ።

«ልጄ ከአንተ ተነሥቶ ሲሄድ ምን ወሬ ይዞ ሄደ?»

ዓይናቸው ውስጥ ተንኮል የለም። የልጃቸውን መንገድ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊያውቁት ፈልገው ነው፤ ወሬያቸው እዚያች ላይ ተቆርጦባቸዋል። አፋርኛው ሁሉ በአፌ ላይ ነበር። ወታደር የሚለውንም እስከዚያ ተምሬዋለሁ።

«ምንም» አልኩ።

እ አሉ። መልሰው «ምንም» ብለው ተናገሩና፣ እንዲህ ነው? አሉኝ። እንዲህ ነው አልኩ። ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። የመጀመሪያዋን ምንም ያልኩት ሳላስበው ነው ቢባል እንኳ፣ ሁለተኛዋን አስቤ ነው።

ከዚያ ደርግ ወደቀ። ጦሩ ተበትኖ ከሰሜን በእግሩ ይወርድ ጀመር። ጀውሃ ላይ ሰው ውሃ በባልዲ ይዞ መንገድ ዳር ይቆምላቸው ነበር። ቀኑን ሙሉ ያልፋሉ፤ አንዳንዱ ባዶ እግሩን፣ አንዳንዱ ጆንያ ለብሶ። ሥራዬን ትቼ መንገድ ዳር ቆምኩ። መልካቸውን አይቼ በየቋንቋቸው እጠይቃለሁ። ግራ ጆሮው የተቆረጠ። ግራ ጆሮው። አላየሁም፣ አላየሁም፣ አላየሁም። አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ እግር እግራቸውን ሳይ በረባሶ አየሁ። ተረከዙ ላይ ሁለት ጠፍር ተጣምሮ የተቋረጠ። የሚሄድበት ሰውዬ እግሩ ጠባብ ነው፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ነው ያጠበቀው። ያዝኩት። ሊያመልጠኝ ፈለገ። በአማርኛ ሳናግረው ዝም አለ፤ በኦሮምኛ ስጠይቀው ቆመ። ይህ በረባሶ የማን ነው አልኩት።

ጎማው ላይ አስቀምጬ ውሃ ሰጠሁት። ጠጥቶ ነገረኝ። አብረው አንድ ምሽግ ነበሩ። ባለጆሮው በወባ ታሞ ነው የሞተው፤ ከስምንት ወር በፊት። ይኸው ሰውዬ አጥቦ፣ ሰግዶበት፣ ቀብሮታል። በረባሶውን ራሱ ውሰድ ብሎት ነው። ስለ እሱ ሲናገር ፊቱ ፈካ፤ ሊስቅም ዳዳው።

«አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ያስቀምጠዋል» አለ። «ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይለዋል። ከዚያ የራሱን ያወራል፤ ከቤቱ ይጀምራል፤ ጉድጓዱን፣ ግመሏን። እንዲህ ካለ ከተማ ጎማ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ፣ መንገዱ ሰላም ነው፣ ምንም የለም ብሎኝ ነበር ይላል። ሁልጊዜ እንደዚያው ነው፣ ቃል አያጎድልም። እኛ ሁላችን በቃላችን ይዘነዋል። ወዳጅህ ዋሽቶሃል እያልን እንቀልድበት ነበር።»

«እሱስ ምን ይላል?»

«አይ፣ አልሰማም ይሆናል፤ ቢሰማ ኖሮ ይነግረኝ ነበር ይላል።»

ይህን ብሎ ዙሪያውን አየ። የተከመረውን ጎማ አየ፤ ጎማው ላይ በጠመኔ የተጻፈውን አየ፤ የተቀመጠበትን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ጨርቁን እንደገና ጠቀለለና ተነሥቶ ሄደ። በረባሶውን ልጠይቀው አልደፈርኩም።

ከዚያ እስከ ገበያው ቀን አራት ቀን ነበር። አራት ቀን ሙሉ ያሰብኩት ይህንን ነው፤ ሞተ ብቻ ልበላቸውና ይብቃ። ልጃቸው ሞቷል፤ አጥበው፣ ሰግደውበት ቀብረውታል። ለአባት ይበቃል። የቀረው ምን ይጠቅማቸዋል? ግን ያ የእኔ ወሬ እኔ ሳላውቅ ከምሽግ ምሽግ ሲዞር ከርሟል። ስንት ቋንቋ የሚናገር ሰው በቃሉ ይዞታል። እሱ ቃል ሳያጎድል አደረሰ፤ ያጎደልኩት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው መጡ፤ ተቀመጡ። ምን አየህ፣ ምን ሰማህ አሉኝ። ሥራዬን አስቀምጬ ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያን ቀን ረፋድ ጀመርኩ። ሹፌሩ እንዴት እንደተንበረከከ፣ ምን እንዳለኝ፣ ረዳቱን እንደወሰዱበት። ከቀትር በኋላ ልጃቸው እንደመጣ፣ ማን ማን አብሮት እንደነበረ፣ ምን ወሬ እንዳመጣ፤ ጉድጓዱን፣ ታመው የነበሩትን ሽማግሌ፣ መንታ ያልወለደችውን ግመል። ምን ብሎ እንደጠየቀኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ። ከዚያ እሳቸው ሲጠይቁኝ ምን እንዳልኳቸው። ከዚያ በረባሶውን፣ ወታደሩን፣ ወባውን፣ ቀብሩን፣ ቢሰማ ይነግረኝ ነበር ያለውን። አፋርኛዬ ሲጣመም ይሰማኛል፤ አላቆምኩም። እሳቸው እ፣ እ ይላሉ። ሞተ ስል እ አሉ። አውቅ ነበር ስል እ አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም።

ጨረስኩ። ወጉ ስለሆነ መልሰው መናገር አለባቸው። ሁሉንም በተራ መለሱት፤ ረጅም ጊዜ ወሰደ። የእኔ መልስ ላይ ደረሱ።

«ጎማ ሠሪው ያውቅ ነበር። እንዳይስቁበት ብሎ ምንም የለም አለው።» ዓይናቸውን አነሡ። «እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው።»

እስከ መጨረሻው ቀጠሉ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረጉ፤ የራሳቸውን ተራ ያዙ። ከቤታቸው ጀምረው አወረዱ። ዝናብ በየት በኩል እንደጣለ፣ ፍየሎቹን ምን በሽታ እንደያዛቸው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸው እንዳገባች። አንድም አላስቀሩብኝ። እኔ እ፣ እ እላለሁ። መልሼ ተናገርኩላቸው። እንዲህ ነው አሉ። ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። ዳግመኛ አልመጡም።

ወሬው ግን መጣ። እሳቸው ለሚቀጥለው ሰው ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ አድርሰዋል፤ ያ ደግሞ ለሚቀጥለው። በወሩ ከማላውቀው ከሩቅ ቆላ የመጡ ሰዎች ደጄ ቆመው፣ ጎማ ሠሪው አንተ ነህ? ይሉኝ ጀመር። ነኝ እላለሁ። አንዳንዱ አይቶኝ ይሄዳል። አንዱ ምራቁን ተፍቶ ሄዷል። አብዛኞቹ ግን ጎማው ላይ ይቀመጡና ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይላሉ። ቂም ይሁን ወግ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

አሁን ጎማ መለጠፉን ትቻለሁ፤ ወገቤ አልሆነም። ያ ጎማ ግን እዚያው ደጄ ላይ አለ፤ እፍ የሚለውንም እሰማዋለሁ። በየገበያው አፋሮች ይመጣሉ፤ የእነዚያ ልጆች፣ የልጅ ልጆች። ሲጠይቁኝ ያየሁትን አንዲት ሳላስቀር አወርዳለሁ፤ የዋለውን ነፋስ ሳይቀር። የምጀምረው ግን ከዚያን ቀን ረፋድ ነው። ያውቁታል፤ ከመወለዳቸው በፊት የነበረውን ወሬዬን ከእኔ እኩል ያውቁታል። አያቋርጡኝም። ስጨርስ መልሰው ይናገሩትና፣ እንዲህ ነው? ይላሉ።

እንዲህ ነው እላለሁ።

ጎረቤቴ ነገ ለትምህርቷ ትመጣለች። ይህንን ከዐረብኛው በፊት አነብላታለሁ።